እነዚያ «የጠገቡ» ልጆች

«የጠገቡ ልጆች እሮሮ።» አንድ ጸሐፊ የጆን ሂዩዝን «ዘ ብሬክፋስት ክለብ» ያጣጣሉት በዚህች ሐረግ ነው። የ1985ቱን (እ.ኤ.አ.) ፊልም ዛሬም የምንወደው የጉርምስና ትዝታ አስክሮን ነው ይላሉ። ለመሆኑ እስከ መጨረሻው አይተውታል?

ቅዳሜያቸውን በቅጣት ምክንያት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከሚያሳልፉት አምስት ተማሪዎች አንዱ ቤንደር እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ያሳያል። ጋራዥ ውስጥ ቀለም በማፍሰሱ አባቱ በሲጋር ተኩሶታል። ጥጋብ ማለት ይሄ ነው? ብራያን ደግሞ በእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የዝሆን ቅርጽ ያለው መብራት ሠራ፤ ኩምቢው ሲሳብ መብራት ነበረበት፣ እምቢ አለ። ኤፍ ተሰጠው። ከዚያ ሎከሩ ውስጥ ሽጉጥ ተገኘበት። ሽጉጡ የምልክት ርችት መተኮሻ ሆኖ ሲገኝ ጓደኞቹ ይስቃሉ። «አያስቅም» ይላል፤ ወዲያው ግን እሱም ሳቁ ያመልጠዋል። በአንድ ውጤት የተነሳ ሞትን ያሰበ ልጅ በራሱ ሲስቅ ማየት፣ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላለ ተመልካች ቀልድ አይደለም። ጸሐፊው ይህን ትዕይንት ጭራሽ አላነሱትም።

ፊልሙ እንከን የለሽ ነው አልወጣኝም። ቤንደር ክሌርን ሲያዋርዳት ይውላል፤ ክሌርን ሆና የተወነችው ሞሊ ሪንግዋልድ ራሷ በ2018 (እ.ኤ.አ.) «ዘ ኒው ዮርከር» መጽሔት ላይ ይህንኑ ተችታለች። ሌላዋን ተማሪ አሊሰንን ኳኩለው «ቆንጆ» ማድረጋቸውም እስከ ዛሬ ያበሽቀኛል። ጸሐፊው በዚህ በኩል ቢመጡ እጄን እሰጥ ነበር። እሳቸው የመረጡት ግን ልጆቹን ሳይሰሙ መፍረድ ነው፤ በዚህ ደግሞ የፊልሙ ምክትል ርእሰ መምህር ቨርነን ቀድሟቸዋል።