ሲዲውን ስትገለብጡ ጆሯችሁን አትርሱ

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዘፈን ነው። «ነርስና ዘፈን ምን አገናኛቸው?» እንዳትሉኝ፤ የነገሩ መጨረሻ ጆሮ ላይ ነው።

ቤታችን ውስጥ ስልሳ ያህል ሲዲዎች አሉ። ባለቤቴ ደመወዝ በተቀበለ ቁጥር አንድ ሁለት እያለ የሰበሰባቸው ናቸው። ማጫወቻው ከተበላሸ ወዲህ ግን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ለብሰው ነው የኖሩት። በገና ሰሞን የልጄ ልጅ መጣና፣ «እማማ፣ እኔ እገለብጥላችኋለሁ» ብሎ ሁሉንም ኪስ ውስጥ በምትገባ አንዲት ማጫወቻ ላይ ጫናቸው። አያቱ ደስታውን አልቻለውም። ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ፣ ኢርፎኑን ሰክቶ፣ ከወጣትነቱ ጋር ሲያወራ ይውላል።

አንድ ቀን ዝግ ያለ የድሮ ዘፈን እያዳመጠ ነበር። አልሰማ ሲለው ድምፁን ከፍ፣ አሁንም ከፍ አደረገው። ያ ዘፈን አለቀና በቅርብ ዓመታት የተሠራ ሌላ ዘፈን ተተካ። ባለቤቴ በድንጋጤ ጮኾ ኢርፎኑን ከጆሮው መንጭቆ ጣለው። ማታ ላይ፣ «ጆሮዬ ውስጥ ጭው ይልብኛል» አለኝ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን ጩኸቱ አልለቀቀውም።

እኔ ደነገጥኩ። ባለቤቴ ከሃያ ዓመት በላይ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሽመና ክፍል የሠራ ሰው ነው። ያኔ ጆሮውን የሚሸፍን ሠራተኛ አልነበረም። ስለዚህ የመስማት አቅሙ ድሮም ጎደሎ ነው። የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት፣ የመስማት ምርመራም ተደረገለት። ሐኪሙ ውጤቱን አይተው፣ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን ጠብቁለት» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በሽተኛ ስመክር ኖሬ የገዛ ቤቴ በረንዳ ላይ ያለውን አለማየቴ አሳፈረኝ።

ለምን እንደማይመለስ ልንገራችሁ። በውስጠኛው ጆሯችን ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያስተላልፉ፣ እንደ ጥቃቅን ፀጉር ያለ ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ያህል ቢሆኑ ነው። ኃይለኛ ድምፅ ሲመታቸው ልክ ከብት እንደረገጠው ሣር ይተኛሉ። ጉዳቱ ቀላል ከሆነ ቀና ይላሉ። ከበዛ ግን ይሞታሉ፤ በሰው ጆሮ ውስጥ ደግሞ የሞተውን የሚተካ አይበቅልም።

ከዚያ በኋላ የልጅ ልጄን ጠርቼ፣ «እስቲ የኔ ጌታ፣ እንዴት አድርገህ ነው የገለበጥከው?» አልኩት። ለቁጣ አልነበረም፤ ለማወቅ ነው። ሁለታችን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠን ነገሩን ስንፈታው ጥፋቱ ሁለት ቦታ ተገኘ።

የመጀመሪያው ጥራቱ ነው። ሲዲ ላይ ያለ ድምፅ በየሰከንዱ 44,100 ጊዜ የተለካ ስለሆነ ሰፊ ቦታ ይይዛል። አንድ ደቂቃ ሙዚቃ 10 ሜጋባይት ያህል ነው። ኤምፒስሪ የሚባለው ዘዴ ጆሮ ብዙም አይለየውም የተባለውን ድምፅ እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል። በ128 ኪሎቢት ከተገለበጠ አንዱ ደቂቃ ወደ 1 ሜጋባይት ይወርዳል። ልጁ ግን ስልሳውም ሲዲ እንዲገባለት ብሎ በ64 ነበር የገለበጠው። ድምፁ ቆርቆሮ ውስጥ የተዘፈነ መሰለ። ባለቤቴም ቃሉ አልጠራ ሲለው ይጠራ መስሎት ድምፁን ይጨምራል። የጎደለው ግን ጥራት እንጂ ጩኸት አልነበረም።

ሁለተኛው የዘፈኖቹ ከፍታ አለመመጣጠን ነው። ሲዲ ላይ ድምፅ ሊያልፈው የማይችል ጣሪያ አለ። ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ ሲውልና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ብዙዎቹ አዘጋጆች ለከበሮው ምትና ዘፋኙ ድምፁን ለሚያወጣበት ቦታ ከጣሪያው በታች ክፍት ይተዉ ነበር። ከ1990ዎቹ ጀምሮ ግን «የኔ ዘፈን ጎልቶ ይሰማ» የሚል ፉክክር መጣ። ከፍ ያሉትን ቦታዎች እየደፈጠጡ ጠቅላላውን ወደ ጣሪያው መግፋት ተለመደ። ባለቤቴ ከሚወዳቸው መካከል ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጃቸውና የፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ያወጣቸው «ኢትዮፒክስ» የተባሉት ሲዲዎች አሉ። ብዙዎቹ ሥራዎች መጀመሪያ በሸክላ የታተሙ ናቸው። እኛ ቤት እነዚህ ከአዲሶቹ አጠገብ ሲሰለፉ ሽማግሌ ከጎረምሳ ጋር ያወራ ይመስላል። ስህተት የለባቸውም፤ ተናጋሪያቸው ረጋ ያለ ስለሆነ ነው።

እንግዲህ ምን አደረግን? ለእናንተም ይጠቅማል ብዬ በተራ ላስቀምጠው።

አንደኛ፣ ከዋናው ሲዲ እንደ አዲስ ገለበጥን። ቀድሞ የተገለበጠውን ፋይል በ320 ብናሳድገውስ ብለን ነበር፤ ልጁ አይሆንም አለኝ። ነገሩ እንደ ቡና ነው። ዋናው ሲዲ አቦል ነው። ከእሱ የተገለበጠው ቶና፣ ከቶናው የተገለበጠው በረካ። በረካውን ትልቅ ሲኒ ላይ ብትቀዱት አቦል አይሆንም። አንዴ የተጣለ ድምፅ አይመለስም። ሙዚቃ ቤት ሄዳችሁ ሚሞሪ ላይ ዘፈን ስታስጭኑም፣ ከሲዲ የተገለበጠ ነው ወይስ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ መጠኑን ከ192 እስከ 256 ኪሎቢት አደረግነው። የስልሳ ደቂቃ አልበም በ192 ከ90 ሜጋባይት አይበልጥም፤ ስለዚህ የዛሬ ሚሞሪ አይጠበውም። ቦታ የተረፈው ሰው ምንም ሳይጥል የሚያሳንሰውን ፍላክ የተባለውን ዘዴ ይጠቀም። ከመገልበጡ በፊት ሲዲውን በለስላሳ ጨርቅ ከመሐል ወደ ዳር ጥረጉት። ዙሪያውን እያዞራችሁ አትጥረጉ፤ ጭረቱ ንባቡን ያበላሻል።

ሦስተኛ፣ ከፍታቸውን አስተካከልን። ለዚህ ሥራ «ሪፕሌይ ጌይን» የሚባል ዘዴ አለ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱ ዘፈን ለጆሮ ምን ያህል ጎልቶ እንደሚሰማ ይለካና ማጫወቻው እንዲቀንስ ወይም እንዲጨምር ምልክት ያስቀምጥለታል። አይቱንስ ላይ ተመሳሳዩ «ሳውንድ ቼክ» ይባላል። ምልክቱን ማንበብ ለማይችሉ ማጫወቻዎች ደግሞ «ኤምፒስሪ ጌይን» የተባለው ነፃ ፕሮግራም ዘፈኑን እንደገና ሳይጨምቀው ከፍታውን ብቻ ይለውጣል። እኛ የተጠቀምነው በዚህ ነው፤ ራሱ በሚሰጠው 89 ላይ ተውነው። ዘፈኖችን ቀላቅሎ ለሚያዳምጥ በየዘፈኑ፣ አልበሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለሚሰማ ደግሞ በየአልበሙ ማስተካከል ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጮኾ የሚሰማውን ዝቅ አድርጉ እንጂ ዝግ ያለውን በግድ ወደ ላይ አትግፉት። ሞልቶ የተቀዳ ሲኒ ላይ ብትጨምሩ ረከቦቱ ላይ ይፈስሳል እንጂ ቡናው አይበዛም። ድምፅም ጣሪያውን ሲነካ ጫፉ ይቆረጥና ይሻክራል። ማጫወቻው ላይ ያለውን ቤዝ መጨመሪያም ለዚሁ ብላችሁ ዝጉት። ሁለት ዘፈን ስታወዳድሩ ደግሞ ጆሯችሁ እንዳያታልላችሁ፤ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚሰማው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። ድምፅ እንደ መድኃኒት ነው፤ መጠንም ጊዜም አለው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል፣ ለልጆች ደግሞ በ75 ዴሲቤል ከሆነ አይጎዳም ይላል። በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ጉልበት በእጥፍ ስለሚያድግ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። በ83 ከሆነ 20 ሰዓት፣ በ86 ከሆነ 10 ሰዓት ነው። 100 ዴሲቤል ላይ ስንደርስ ለሳምንቱ ሙሉ የተፈቀደልን ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። አንዲት አዝራር ሦስት አራት ጊዜ መጫን ይህን ሁሉ ሰዓት ትበላለች።

መለኪያ የለንም ካላችሁ ድምፁን ከጠቅላላው ከስድሳ በመቶ አታሳልፉ፤ በየሰዓቱም ጆሯችሁን አሳርፉ። በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለ ሰው ሲናገራችሁ ካልሰማችሁት በዝቷል ማለት ነው። ሚኒባስ ውስጥ የሞተሩንና የረዳቱን ጩኸት ለመሸፈን ብላችሁ አትጨምሩ፤ ውረዱና አዳምጡ። ካዳመጣችሁ በኋላ ጆሯችሁ ጭው ካለ ወይም ጥጥ የተጠቀጠቀበት ከመሰላችሁ በዚያ ቀን በቃችሁ። ጩኸቱ ከአንድ ቀን ካለፈ ሐኪም ጋ ሂዱ። በድንገት አንድ ጆሮ መስማት ካቆመ ግን «ነገ ይሻለኛል» ማለት አይገባም፤ በዚያው ቀን ሩጡ፤ ሕክምናው የሚጠቅመው በቶሎ ሲጀመር ነው። ጆሮ ውስጥ ዘይትም ሆነ ሌላ ነገር አታፍስሱ።

የልጅ ልጄን ጆሮም ያኔውኑ አየሁለት። ኢርፎኑ ከጆሮው አይነቀልም፤ እንቅልፍም የሚወስደው ከእሱ ጋር ነው። «እማማ፣ እኔ ደህና እሰማለሁ» አለኝ። «አያትህም በአንተ ዕድሜ ደህና ይሰማ ነበር» አልኩት። ዝም አለና ስልኩን አውጥቶ የድምፁን ጣሪያ ዝቅ አድርጎ ቆለፈው። ከምክሬ ሁሉ ያቺ አንዲት ቃል ሠራች መሰለኝ።

የባለቤቴ ጆሮ ጩኸት ከሳምንት በኋላ ቀለለ፤ ጨርሶ ግን አልጠፋም። አሁን ዘፈኖቹ ሁሉ በአንድ ከፍታ ስለሚሄዱ አዝራሯን መነካካት ትቷል። እኛ ቤት መለኪያችን ቡና ነው። ከማድ ቤት ሆኜ «ቡና ፈላ» ስለው ኢርፎኑን እንደሰካ ከሰማኝ ልኩ ያ ነው። ዕቃ እንዲያነሣ ስጠራው ግን አሁንም አይሰማኝም፤ ለእሱ መድኃኒቱን አላገኘሁም።