የደካማ ሳንባና የደካማ ማስረጃ ጉዳይ

ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሕፃን በመተንፈሻ አካል ቫይረስ ሲያዝ፣ ለጤነኛ ሕፃን የማይታሰብ መድኃኒት ይታዘዝለታል፤ ለምን ተብሎ ሲጠየቅም መልሱ «አደጋው ከባድ ስለሆነ» የሚል ነው። ይህ መልስ የበሽታውን ክብደት እንጂ የመድኃኒቱን ፈዋሽነት አያስረዳም፤ ሕፃኑ በደከመ ቁጥር የሚፈለገው ማስረጃም አብሮ እንዲቀንስ የሚያደርግ አስተሳሰብ ነው።

ለዚህ የሪባቪሪንን ታሪክ ያህል ጥሩ ምስክር አይገኝም። ሪባቪሪን አርኤስቪ በተባለው፣ የሕፃናትን ቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች አሳብጦ በንፍጥ በሚደፍነው ቫይረስ ለተያዙ ሕፃናት በአሜሪካ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የተፈቀደ፣ በልዩ መሣሪያ ወደ ደቃቅ ጉም ተለውጦ በቀን ከ12 እስከ 18 ሰዓት የሚተነፈስ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና አካዳሚ በ1993 ለተጋላጭ ሕፃናት እንዲሰጥ ሲመክር፣ ብሮንኮፑልሞናሪ ዲስፕላዚያ ያለባቸውን፣ ማለትም ያለጊዜያቸው ተወልደው በኦክስጅንና በመተንፈሻ መሣሪያ በመቆየታቸው ሳንባቸው የተጎዳባቸውን ጨምሮ ነበር። መድኃኒቱ በመሣሪያው ቱቦና ቫልቭ ላይ እንደ ነጭ ዱቄት እየረጋ የአየሩን መንገድ ሊዘጋ ስለሚችል የማያቋርጥ ክትትል ይጠይቅ ነበር፤ በእንስሳት ላይ የታየው የፅንስ ጉዳትም ነፍሰ ጡር ነርሶችን ያሠጋ ነበር።

ይህን ሁሉ ያሸከመው ማስረጃ ምን ነበር? በ1991 የታተመው እጅግ የተጠቀሰ ጥናት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ በነበሩ 28 ሕፃናት የተካሄደ ሲሆን፣ መድኃኒቱን ያገኙት በአማካይ 4.9 ቀን፣ ያላገኙት 9.9 ቀን በመሣሪያው ላይ መቆየታቸውን ዘገበ። ልዩነቱ ያማልላል። ይሁንና ለማነጻጸሪያ የተሰጠው ጨው የሌለበት ውኃ በጉም መልክ ነበር፤ እንዲህ ያለው ውኃ የተቆጣ የአየር ቧንቧን ሊያኮማትር ስለሚችል፣ መድኃኒቱ ጠቅሞ ይሁን ውኃው ጎድቶ ከጥናቱ መለየት አይቻልም። በ1994 በ41 ሕፃናት ላይ ከጨው ውኃ ጋር ተነጻጽሮ ሲሞከር ልዩነቱ ጠፋ፤ አካዳሚውም በ1996 ምክሩን «ሊታሰብበት ይችላል» ወደሚል አለዘበው።

የመድኃኒቱ ጠበቆች «እጅን አጣጥፎ ከማየት ይሻላል» ይላሉ። ነገር ግን ኦክስጅን መስጠት፣ ንፍጥ መምጠጥ፣ ፈሳሽና ምግብ መመጠን፣ ትንፋሽን በየሰዓቱ መከታተል እጅን ማጣጠፍ አይደለም፤ ሕይወት የሚያተርፈውም በአብዛኛው ይኸው ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ አካዳሚው በ2014 ባወጣው የብሮንኪዮላይተስ (የቀጫጭን የአየር ቧንቧዎች ብግነት) መመሪያ እንደ ሳልቡታሞል ያሉ የአየር ቧንቧ ከፋቾችንና ስቴሮይዶችን ሲከለክል፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ሕፃናት ከመመሪያው ውጭ ማድረጉ ነው፤ ክፍተቱን የሚሞላውም የየሐኪሙ ልማድ ሆኗል።

በእነዚህ ሕፃናት ላይ ጥናት ማካሄድ አይቻልም የሚለው ሰበብም አይሠራም። ፓሊቪዙማብ የተባለው፣ በየወሩ የሚወጋ ፀረ እንግዳ አካል በ1998 በታተመ፣ 1,502 ሕፃናት በተሳተፉበት ጥናት ከፕላሴቦ (ከማስመሰያ መርፌ) ጋር ተነጻጽሮ፣ ብሮንኮፑልሞናሪ ዲስፕላዚያ ካለባቸው መካከል በአርኤስቪ ሆስፒታል የሚገቡትን ከ12.8 ወደ 7.9 በመቶ አውርዷል። ይህ ግን መከላከያ እንጂ ማከሚያ አይደለም። ሕፃኑ ከታመመ በኋላ የሚሰጥ መድኃኒት በዚህ ዓይነት ጥናት ተፈትኖ እስካላለፈ ድረስ፣ የሕፃኑ ድካም ብቻውን ለማዘዣ ወረቀት ምክንያት ሊሆን አይገባም።