እንደ ጭጎጎት የሚጣበቅ ጠላት



በጌዴኦ ምድር በወርቃ፣ በቡናና በእንሰት ማሳ መካከል ያለፈ ሰው ቤቱ ሲደርስ ጭጎጎት ከልብሱ ጫፍ ተጣብቆ ያገኛል። ነፋስ አይጥለውም፤ ማራገፍም አይበቃውም። ሕፃናትን በተቅማጥ ከሚጥሉት ተሐዋስያን አንዱም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነውና፣ ጥቂት ልናስረዳ ወደድን።

ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አብዛኛው ወገኑ በአንጀታችን ያለ ጉዳት ይኖራል። ክፉው ወገን ግን የአንጀትን ሕዋስ የሚይዝባቸው እጅግ የቀጠኑ ልዩ ክሮች በገላው ዙሪያ አሉት። ሊቃውንት ፊምብሪያ ይሏቸዋል፤ በላቲን ቋንቋ ዘርፍ ማለት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ጥላ ጠርዝ ላይ እንደምናየው ያለ።

አንጀት በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ታች ስለሚገፋ፣ መያዣ ያጣ ተሐዋሲ ተጠርጎ ይወጣል። የያዘው ግን በዚያው ተባዝቶ መርዙን ያፈስሳል፤ ሕዋሱም ውኃና ጨው ይለቃል፤ የሕፃኑም ሰውነት ይደርቃል። በ1971 እ.ኤ.አ. ስሚዝና ሊንጉድ የተባሉ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በአሳማ ግልገሎች ላይ ፈትነው፣ ኬ88 የተባለውን ክር ያጣው ተሐዋሲ መርዙ ሳለው እንኳ እንደ ቀድሞው ተቅማጥ ለማምጣት እንዳልቻለ አሳይተዋል።

እንግዲህ ይህን እጅ የሚያሳጥረው ምንድር ነው? ከሁሉ አስቀድሞ የእናት ጡት ነው። በተለይ እንገሩ ተሐዋስያኑን ሸፍነው እንዳይጣበቁ የሚከለክሉ የመከላከያ ኃይሎችን ይዟል። በወተቱ ያሉ አንዳንድ ስኳሮችም ተሐዋሲው በአንጀት ላይ የሚፈልገውን ስኳር ስለሚመስሉ ያታልሉታል፤ እነርሱን እንደ ያዘ ተጠርጎ ይወጣል። በአገራችን በልዩ ልዩ ቦታ እንገርን አፍስሶ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማላስ የቆየ ልማድ ነው። ለጥጃ የማንነፍገውን እንገር ለልጃችን መንፈጋችን ስለ ምን ነው? ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወርም ከጡት በቀር ሌላ አይቅመስ።

ሁለተኛው ንጽሕና ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ብዙ መቶ ሺህ ሰዎች ተፈናቅለው ተጨናንቀው ሲኖሩ፣ ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ማጣት ምን ያህል እንደሚያሰጋ ታይቷል። ስለዚህ የምንጭ ውኃ ይፍላ፤ ከመጸዳጃ መልስና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ይታጠብ።

ተቅማጥ ከጀመረ ግን ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ በእሽጉ ላይ በተጻፈው ልክ በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ለልጁ ይሰጠው፤ ጡቱም አይቋረጥበት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ወይም መጠጣት ካቃተው፣ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ለነገ የሚባል አይደለም።