ጣሪያ የሌላቸው ቤቶች

አየርላንድን የሚጐበኝ ሰው ሁሉ ወደ ግንቦችና ወደ ገዳማት ፍርስራሽ ይሮጣል። እርግጥ በግሌንዳሎክ ያለው ክብ ግንብ ቁመቱ 30 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ማየቱ ያስደስታል። እኔ ግን የወላጆቹን ትውልድ ለማወቅ የሚሻ ወጣት ከግንቡ አስቀድሞ የድኾችን ቤት ይመልከት እላለሁ።

ምክንያቴም ይህ ነው። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1845 እስከ 1852 ድንቹን በሽታ ስለ መታው አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን ተሰደደ። የዚያ ዘመን የሕዝብ ቈጠራ መዝገብም በ1922 በደብሊን በተደረገው ጦርነት መዝገብ ቤቱ ሲቃጠል አብዛኛው ጠፋ። ስለዚህ ድኻው ከግድግዳው በቀር ምስክር የለውም።

እናቴ በትውልዷ አየርላንዳዊት ናት። ባለፈው የክረምት ዕረፍት በአኪል ደሴት ወደሚገኘው ወደ ስሊቭሞር ባዶ መንደር አብሬያት ሄድሁ። ከ80 እስከ 100 የሚደርሱ የድንጋይ ቤቶች በተራራው ግርጌ ተሰልፈዋል፤ በአንዱም ላይ ስም አልተጻፈም። የቅድመ አያቷ ቤት የትኛው እንደ ሆነ መለየት አልተቻለም።

«ታዲያ ምን ልናይ መጣን?» ብላት፥ «ካልታወቀ ሁሉንም እናያለና!» አለችኝ።

በየቤቱ ስንገባና ስንወጣ መሸ። በዚያው ደሴት ያለውን የኪልዳቭኔትን ግንብ ለማየት ጊዜ አልተረፈንም፤ አልቈጨኝምም።