ሰላምን ያስገኙ የላይቤሪያ እናቶች፤ ያልተዘጋው የሙታን መዝገብ

ጦርነትን የሚወስኑት ጥቂቶች ናቸው፤ ዳፋው ግን የብዙኃን ነው። ማሳ ጦሙን ያድራል፤ ገበያ ይበተናል፤ ልጇን የቀበረች እናትም ከሐዘኗ ሳትጽናና የተረፉትን ልጆች የምታበላውን ፍለጋ ትወጣለች። ይህን ሸክም የተሸከሙ ሴቶች ግን ስለ ሰላም በሚመከርበት ጠረጴዛ ዙሪያ ብዙ ጊዜ መቀመጫ አያገኙም። የላይቤሪያ ሴቶች መቀመጫ ሳይሰጣቸው በድርድር ላይ ተጽዕኖ ያሳደሩበት ታሪክ ከ20 ዓመታት በኋላም ሊመረመር የሚገባው ነው።

በምዕራብ አፍሪካዊቷ ላይቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1989 መጨረሻ የተቀሰቀሰው የእርስ በርስ ጦርነት፣ በመካከሉ ጥቂት የእፎይታ ዓመታት ቢኖሩም፣ እስከ 2003 ዘልቋል። እስከ 250,000 የሚደርሱ ሰዎች እንደሞቱ ይገመታል። ሕፃናት መሣሪያ ታጥቀው እንዲዋጉ ተደርገዋል፤ እጅግ ብዙ ሴቶችም ተደፍረዋል።

እ.ኤ.አ. በ2003 በማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዋ ሌይማ ግቦዊ እና በባልደረቦቿ አስተባባሪነት ክርስቲያን እና ሙስሊም ሴቶች በአንድነት ተነሡ። ነጭ ለብሰው በመዲናዋ ሞንሮቪያ፣ በዓሣ ገበያው አጠገብ፣ የፕሬዚዳንቱ አጀብ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ተቀመጡ። ፀሐይም ሆነ ዝናብ አላስነሣቸውም። በሚያዝያ ወር ፕሬዚዳንት ቻርልስ ቴይለር ተቀብለው ጥያቄያቸውን ለመስማት ተገደዱ። ሴቶቹ በዚህ ሳይወሰኑ የአማፂያኑን መሪዎች ለማነጋገር ወደ ሴራሊዮን ተጓዙ። ለሁለቱም ወገን ያቀረቡት ጥያቄ አንድ ነበር፦ ተኩሱ ይቁም፤ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩ። የተሰሚነታቸው አንዱ ምስጢርም ይኸው ለማንም ወገን አለማድላታቸው ነው።

ድርድሩ በሰኔ 2003 በጋና መዲና አክራ ተጀመረ። ተደራዳሪዎቹ በሥልጣን ክፍፍል ላይ ሲከራከሩ ሳምንታት አለፉ፤ ሞንሮቪያ ደግሞ በከባድ መሣሪያ ትደበደብ ነበር። በሐምሌ ወር ወደ 200 የሚጠጉ ሴቶች የስብሰባውን አዳራሽ በር ዘግተው ተቀመጡ፤ ስምምነት ሳይደረስ ማንም እንዳይወጣ አሉ። ጥበቃዎች ሊያስሯቸው ሲቃረቡ ግቦዊ ልብሷን እንደምታወልቅ አስጠነቀቀች። በአካባቢው ባህል የእናት ራቁት መታየት ለተመልካቹ እርግማን ነው። የእኛ እናቶች ያጠቡበትን ጡት ምስክር አድርገው ሲማጸኑ የጨከነ ልብ እንደሚርድ ለሚያውቅ ሰው የዚህ ማስጠንቀቂያ ክብደት አይሰወረውም። ዋና አደራዳሪው ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡበከር ሴቶቹን አነጋገሩ። ነሐሴ 11 ቀን ቴይለር ሥልጣን ለቀው ወደ ናይጄሪያ ሄዱ፤ ነሐሴ 18 ቀን አጠቃላይ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ።

እርግጥ ነው፣ ጦርነቱን ያስቆሙት ሴቶቹ ብቻ አልነበሩም። የአማፂያኑ ግፊት፣ በቴይለር ላይ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ ክስ እና የምዕራብ አፍሪካ ሀገራት ጦር መግባት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። የሴቶቹ ድርሻ ድርድሩ እየተጓተተ የሰው ሕይወት ማስከፈሉን በተደራዳሪዎቹ ፊት ማቆም ነበር። ከፊርማው በኋላም ወደ ቤታቸው አልተበተኑም። ትጥቅ በማስፈታቱ ሥራ ተሳተፉ፤ ለ2005ቱ ምርጫ ሴቶች እንዲመዘገቡ ቀሰቀሱ። በዚያ ምርጫ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ በአፍሪካ በምርጫ ሥልጣን የያዙ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2011 ግቦዊ እና ሰርሊፍ ከየመናዊቷ ተወኩል ካርማን ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማትን ተጋርተዋል።

ይሁንና የሞቱትን የማሰብ እና የበደሉትን የመጠየቅ ሥራ እንደ ተኩስ አቁሙ አልፈጠነም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1990 በሞንሮቪያ በአንድ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የተጠለሉ 600 ያህል ሰዎች ተገድለዋል፤ በግቢውም በጅምላ ተቀብረዋል። የእውነት እና ዕርቅ ኮሚሽኑ በ2009 ባወጣው ሪፖርት ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ቢመክርም ምክሩ ለዓመታት ከወረቀት አላለፈም። ቴይለር በ2012 የ50 ዓመት እስራት የተፈረደባቸው በጎረቤት ሴራሊዮን በተፈጸመው ወንጀል እንጂ በገዛ ወገናቸው ላይ ስለደረሰው አይደለም። የጦር ወንጀል ፍርድ ቤት ለማቋቋም የሚያስችል የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የወጣው በ2024 ነው። እስከዚያው አንዳንድ የጦር አበጋዞች በምክር ቤት ወንበር ይዘው ኖረዋል፤ ልጆቻቸውን ያጡ እናቶችም በሬዲዮ ድምፃቸውን እየሰሙ አርጅተዋል።

ይህ ልምድ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተካሄደውን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም ተፈርሟል፤ የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲም በሚያዝያ 2016 ዓ.ም ጸድቋል። በየቀበሌው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የሚውሉ እናቶች ግን አሁንም አሉ። ፖሊሲው ወደ ተግባር ሲወርድ የሟቾች ስም በወገን ሳይለይ ተመዝግቦ የሚቀመጥበት፣ የጠፉት የሚፈለጉበት፣ ሴቶችም ምስክር ብቻ ሳይሆኑ አማካሪ እና ወሳኝ የሚሆኑበት አሠራር ያስፈልገዋል። ላይቤሪያ እንዳሳየችው ተኩስ በአንድ ቀን ፊርማ ሊቆም ይችላል፤ በወቅቱ ያልተመዘገበ ሐዘን ግን ለልጅ ልጅ ዕዳ ሆኖ ይተላለፋል።