ቴአትር የሚኖረው ሲደገም ነው

ከኪነ ጥበብ ሥራዎች ሁሉ እንደ ቴአትር ዕድሜው አጭር የሆነ የለም። ሠዓሊ ቢሞት ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ደራሲ ቢያልፍ መጽሐፉ ከመደርደሪያ አይጠፋም። የተዋናይ ሥራ ግን መጋረጃው ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ባለችው ጥቂት ሰዓት ውስጥ ተወልዶ ያልቃል። ጭብጨባው ሲያበቃ፣ መብራቱ ሲጠፋና ተመልካቹ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ያ ሁሉ ድካም ከሰው ልብ በቀር የሚቀመጥበት ሥፍራ የለውም። የሰው ልብ ደግሞ ይረሳል፤ ባለቤቱም ያልፋል።

ስለዚህ ለረጅም ዘመን ከተመልካች ወንበር ያልተለየን እኛ፣ ለተማሪዎችና በየወረዳው ተመድበው ለሚያገለግሉ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር ለማሳሰብ እንወዳለን። ይኸውም የአንድ ሀገር ቴአትር የሚከብረው አዲስ ድርሰት በመጻፉ ብቻ ሳይሆን፣ ያለፈው መልካም ድርሰት እንደገና በመድረክ ላይ በመታየቱ ጭምር ነው የሚል ነው። መጽሐፉ ታትሞ ቢገኝ እንኳ፣ የማይጫወቱት ተውኔት ሰው እንደማይኖርበት ቤት ነው፤ ግድግዳው ቆሞ ሳለ ውስጡ ይፈርሳል።

ይህ ነገር በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ታሰበበት መመልከት ይጠቅማል። ሼክስፒር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1616 ዓ.ም. በሞተ ጊዜ፣ ከተውኔቶቹ ግማሽ የሚያህሉት ገና አልታተሙም ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ ባልደረቦቹ የነበሩ ሁለት ተዋንያን ጽሑፎቹን ሰብስበው በአንድ ጥራዝ እንዲታተሙ አደረጉ። እነዚያ ሁለት ሰዎች ባይተጉ ኖሮ «ማክቤዝ» ለእኛ ባልደረሰ፣ ባለቅኔው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም ወደ አማርኛ ሊመልሱት ባልቻሉ ነበር። ፈረንሳዮችም በ1680 ዓ.ም. ኮሜዲ ፍራንሴዝ የተባለውን የቴአትር ቤት ሲያቋቁሙ፣ ሞልየር ካረፈ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር። ይሁን እንጂ ቤቱ እስከ ዛሬ የሞልየር ቤት እየተባለ ይጠራል፤ የእርሱንም ኮሜዲዎች በየዘመኑ በአዲስ ተዋንያን ያሳያል። አያት የሳቀበትን ነገር የልጅ ልጁም ይሥቅበታል፤ ሁለቱም በአንድ ማዕድ እንደ ቀረቡ ይቆጠራል።

የእኛም የመድረክ ታሪክ የሚናቅ አይደለም። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ተውኔት በ1913 ዓ.ም. ገደማ ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ፣ በአውሬ ተረት አስመስለው የመንግሥቱን አሠራር ስለ ነቀፉ ሥራው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የመጀመሪያው ቴአትራችን እንዳይደገም ተከልክሎ ተጀመረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በትምህርት ቤት ተማሪዎችን እያሠለጠኑ መድረኩን መልሰው አቆሙት። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ በደጅ ሳለ የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፍቶ፣ የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ታየበት። ከዚያም አቶ መንግሥቱ ለማ በ«ጠልፎ በኪሴ»ና በ«ያላቻ ጋብቻ» ሕዝቡን እያሳቁ መከሩት። ባለቅኔ ጸጋዬም ከ«የከርሞ ሰው» እስከ «ሀ ሁ በስድስት ወር»፣ ከ«ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» እስከ «ቴዎድሮስ» ድረስ የዘመኑን ጥያቄና የሀገሩን ታሪክ በመድረክ ላይ አቆሙ።

አሁን አንባቢያችንን አንድ ነገር እንጠይቅ። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ፣ ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው ወጣት በዓይኑ ያየው ስንቱን ነው? ስማቸውን ለፈተና ያጠናቸዋል፤ የታዩበትን ዓመት ይቈጥራል። ሲጫወቱ ግን አላያቸውም። የቀኝ ጌታ ዮፍታሔን ሕይወትና ሥራ እንኳ ባለቅኔው ዮሐንስ አድማሱ እየፈለጉ ባይጽፉልን ኖሮ፣ በእጃችን የሚገኘው ከዚህም ያነሰ በሆነ ነበር።

የተዋንያኑ ነገር ከዚህ ይብሳል። ወጋየሁ ንጋቱ በ1982 ዓ.ም. ዐረፈ። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በሬዲዮ ሲተርክ የተቀዳው ድምፁ ስላለ፣ እርሱን ያላየ ወጣት ሁሉ ቢያንስ ያን ድምፅ ያውቀዋል። በመድረክ ላይ የነበረው አረማመድ፣ ዝም ሲል ተመልካቹን የሚይዝበት ኃይል ግን ካዩት ሰዎች ጋር አብሮ እያለፈ ነው። አዘጋጁ አባተ መኩሪያ በ2008፣ ተስፋዬ ገሠሠ በ2013፣ ደበበ እሸቱ በ2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። አንድ ትልቅ ተዋናይ ባለፈ ቁጥር በጋዜጣና በቴሌቪዥን ብዙ ይነገራል፤ የኀዘን መግለጫም ይነበባል። ነገር ግን ለአንድ ተዋናይ ከመግለጫ የሚበልጠው ክብር፣ እርሱ የተጫወተው ክፍል ለሌላ ወጣት ተሰጥቶ ሲጫወቱት ማየት ነው።

ከዚህ ላይ ግን መጠንቀቅ ይገባል። መድገም ማለት መኮረጅ ማለት አይደለም። የቀድሞውን ተዋናይ ድምፅ እያስመሰለ፣ እጁን እንደ እርሱ እያነሣ የሚጫወት ወጣት፣ ሙታንን ያስታውሰን ይሆናል እንጂ ተውኔቱን አያነሣውም። አንዳንድ አዘጋጅ ደግሞ በዘመን ማሻሻል ሰበብ የደራሲውን ቃል ቆርጦ በራሱ ቀልድ ይተካዋል። ይህም በሌላ ሰው እርሻ ላይ የራስን ዘር እንደ መዝራት ነው። መልካም ድጋሚ የደራሲውን ቃል ጠብቆ፣ የዛሬውን ሰው ትንፋሽ የሚሰጠው ነው።

«ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ሰዎች የሚነገር ነው፤ አዳራሹም ተዋናዩም ያለው እዚያ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛ ግን ይህን ስንጽፍ በልባችን ያለችው ከወልድያ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለችው ቆቦ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች የቆሙላት፣ ማሽላ የሚበቅልበት የራያ ሜዳ የተዘረጋላት፣ ፀሐዩዋ የሚያቃጥል ይህች ከተማ፣ ስለ ቴአትር ድጋሚ ለዋና ከተማው የምታስተምረው ነገር አላት ብንል ማጋነን አይሆንም።

በየዓመቱ ነሐሴ 16 ቀን የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ የዋግ ልጃገረዶች ሻደይ፣ የላስታዎቹ አሸንድዬ እያሉ እንደሚጫወቱ ሁሉ፣ የራያ ቆቦ ልጃገረዶችም ሶለል ብለው ይወጣሉ። አምረውና አጊጠው፣ ከበሮ ይዘው፣ በቡድን በቡድን ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይዘፍናሉ፤ ይጨፍራሉ፤ ባለቤቱን ያወድሳሉ፤ ስጦታም ይቀበላሉ። ለዚህ ጨዋታ አዳራሽ አልተሠራለትም፤ የታተመ መጽሐፍ የለውም፤ በጀት አልተያዘለትም። ነገር ግን ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ኖሯል። ምክንያቱ ምንድን ነው? ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በየዓመቱ ስለሚደገም ነው። ትናንሾቹ ልጆች ትልልቆቹን እየተከተሉ ያያሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከኋላ ሆነው ይቀበላሉ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ ራሳቸው አውጪ ይሆናሉ። ዜማው የአያቶቻቸው ነው፤ ግጥሙ ግን እንደ ባለቤቱና እንደ ዘመኑ ይለወጣል። የቀድሞዋን አውጪ ድምፅ አስመስይ ተብላ የምትገደድ ልጅ የለችም።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። በአዲስ አበባ ዘመናዊ ቴአትር በተጀመረ ጊዜ የሴቶቹን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ልጅ በሕዝብ ፊት መቆሟ እንደ ነውር ይቈጠር ነበርና። በራያ ሜዳ ግን ልጃገረዶቹ በዓመት አንድ ጊዜ የመንገዱ ሁሉ ባለቤቶች ነበሩ። የወሎ መንዙማም ቢሆን አውጪና ተቀባይ ያለው፣ ድምፅን፣ ዕረፍትንና ትዕግሥትን የሚያስተምር ትልቅ ትምህርት ቤት ነው። ከአራቱ የዜማ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የተጠሩት በወሎ ሥፍራዎች ስም መሆኑ በከንቱ አይደለም። በደርግ ዘመን የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን እነ ማሪቱ ለገሠን ለሀገሩ ሁሉ ያሰማውም ከዚህ ምንጭ ቀድቶ ነው።

እንግዲህ ጨዋታን ጠብቆ ማቆየትን የሚያውቅ ሕዝብ ባለበት ከተማ የተመደበ መምህር ወይም ወጣት ሠራተኛ ምን ማድረግ ይችላል? ከአዲስ አበባ የቴአትር ቡድን እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። የተማሪዎችን ክበብ ሰብስቦ፣ በዓመት አንድ የታወቀ ተውኔት መርጦ ማዘጋጀት ይችላል። «ያላቻ ጋብቻ»ን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የተማረ የባላባት ወገን ከእርሱ በታች ናት የምትባለውን ልጅ ለማግባት በመፈለጉ የሚነሣው የዘመድ ክርክር፣ ዛሬም በየቤቱ የሚሰማ ክርክር ነው። ብዙ ልብስና ብዙ ዕቃ አያስፈልገውም። የማሽላው አዝመራ ከገባ በኋላ ገበሬውም ፋታ ያገኛል፤ የቆላው ምሽትም ለውጭ መድረክ የተመቸ ነው። መጋረጃ ቢታጣ ነጠላ ይሰቀላል።

ይህን ስንል ሕጉን አንዘነጋም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወቱ ዘመንና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ስለዚህ የደራሲውን ወራሾች ማስፈቀድ ይገባል። ፈቃድ መጠየቅ ራሱ ለደራሲው ክብር ነው። ከዚህም ጋር ማን ምን እንደ ተጫወተ፣ ተመልካቹ የት ላይ እንደ ሳቀና የት ላይ ዝም እንዳለ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ይዘጋጅ። በእጅ ስልክ የተቀረጸውም ምስል ተለይቶ ይቀመጥ። የሼክስፒር ባልደረቦች የሠሩት ሥራ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የትምህርት ቤት መድረክ ትንሽ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ አምቦን ያስታውስ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ገና የ13 ዓመት ያህል ልጅ ሳሉ ስለ ንጉሥ ዲዮኒሰስና ስለ ሁለቱ ወንድማማቾች የጻፉት ተውኔት የታየው በዚያው በአምቦ ትምህርት ቤት ነው። ያ ትንሽ መድረክ ባይኖር ኖሮ በኋላ በብሔራዊ ቴአትር ያየናቸውን ሥራዎች እናገኝ ነበር ብሎ የሚምል ሰው የለም።

ለወጣት ሹማምንት ደግሞ አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንፈልግም። በብዙ መሥሪያ ቤት ቴአትር የሚታሰበው ለዘመቻ ሲያስፈልግ ነው። ስለ ወባ፣ ስለ ግብር ወይም ስለ ንጽሕና የሚናገር አጭር ጭውውት ይታዘዛል፤ በስብሰባው መካከል ይታያል፤ በዚያው ይረሳል። የእነዚህን ትምህርት ጥቅም አንክድም። ነገር ግን ማስታወቂያ ማስታወቂያ ነው፤ ቴአትርም ቴአትር ነው። ለሕዝቡ ምን ማድረግ እንዳለበት ብቻ የሚነግር መድረክ፣ ሕዝቡ ራሱን እንዲያይበት አይፈቅድም። የሶለል ልጃገረዶች ንፉጉን ባለቤት በግጥማቸው ሸንቆጥ ቢያደርጉት አይቀየማቸውም፤ ሹሙም ከባለቤቱ የበለጠ ሊቀየም አይገባውም።

የቆቦና የአካባቢዋ ሕዝብ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በጦርነት ብዙ መከራ አይቷል። እንዲህ ላለው ሕዝብ ስለ ቴአትር ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኛ ግን ኀዘን የደረሰበት ሰው እህልና መድኃኒት ካገኘ በኋላ፣ ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ አብሮ የሚሥቅበትና አብሮ የሚያለቅስበት ሥፍራ ያስፈልገዋል እንላለን። «ጴጥሮስ ያችን ሰዓት» በጠላት ፊት በ1928 ዓ.ም. ስለ ተሠዉት አቡን የተጻፈ ነው፤ ሞትን ያየ ሕዝብ ደግሞ ከማንም ይበልጥ ያስተውለዋል።

እንግዲህ የተማረው ወጣት የሚጠየቀው ቀላል ነገር ነው። አንድ መልካም ተውኔት ያንሣ፤ በእጁ ያሉትን ልጆች ያሠልጥን፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ሥራውን ለሌላ ወጣት ያስረክብ። ሶለል ከአያት ወደ እናት፣ ከእናት ወደ ልጅ እየተሻገረ እኛ ዘንድ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው።