በክትባት ቀን የማትጠየቅ እናት

ነቀምት፣ ጊምቢ፣ ደምቢ ዶሎ ወይም ሻምቡ፣ የትም ይሁን፣ አንገቱን ማቅናት ያቃተው ሕፃን ያዘለች እናት መጀመሪያ የምትሰማው «ታገሺ» የሚል ምክር ነው። «አባቱም ዘግይቶ ነው የሄደው» ይላሉ አማት። ዓመት ያልፋል፣ ልጁ አይቀመጥም። ያኔ ምክሩ ክስ ይሆናል። በእርግዝናሽ ምን ነካሽ? የማን እርግማን ነው? አንዳንዱ አባት ጥሎ የሚወጣውም በዚሁ ሰዓት ነው።

ሰፈርተኛው ባያውቅ አይፈረድበትም። የሚፈረድበት የጤና ሥርዓቱ ነው።

ልብ በሉ፤ መንግሥት ይህችን እናት አላያትም ማለት አይቻልም። በክትባት ፕሮግራሙ መሠረት ልጇን በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በ9ኛውና በ15ኛው ወር ይዛ ትቀርባለች። አምስት ጊዜ! ልጁ ይመዘናል፣ ይወጋል፣ ካርዱ ይሞላል፣ «ቀጣይ!» ይባላል። «አንገቱን ያቀናል? ድምፅ ሲሰማ ይዞራል? ያለ ድጋፍ ይቀመጣል?» ብሎ ለመጠየቅ ምን ማሽን ያስፈልጋል? መመሪያ ላይ ስለ ሕፃናት ዕድገት የተጻፈ ነገር አይጠፋም፤ ወረፋው ጋ ሲደረስ ግን የለም።

«ግጭት ባመሰው ወለጋ ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ለዕድገት መዘግየት ከሚዳርጉት መካከል በምጥ ጊዜ መታፈን፣ ያለ ጊዜ መወለድና ሳይታከም የቀረ ከባድ የአራስ ልጅ ቢጫነት ይገኙበታል። መንገድ ተዘግቶ፣ አምቡላንስ ጠፍቶ እናት ቤቷ በወለደች ቁጥር እነዚህ ይብሳሉ እንጂ አይቀንሱም።

ሌላው የተለመደ መልስ «አዲስ አበባ ውሰጂው» ነው። እዚያ ያለውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋመችው ዘሚ የኑስ ናት፤ የኦቲዝም ልጅ እናት እንጂ ሚኒስቴር አልነበረችም። ከነቀምት አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሕክምናው ደግሞ አንዴ ታይቶ የሚያበቃ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚደጋገም ነው። በየትኛው ገንዘብ? ሌሎቹን ልጆች ለማን ጥላ?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንዲያደርግ ያዛል፤ አቅም በፈቀደ መጠን ብሎ። ባለሥልጣናት የሚወዷት ይህችኑ መውጫ ነው። ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ግን ከማን አቅም በላይ ነው?

የኦሮሚያ ጤና ቢሮ አዲስ ሕንፃ ሳይጠብቅ ሊጀምረው የሚችል ሥራ አለ፦ ጥያቄዎቹን ክትባት ካርዱ ጀርባ ላይ ማተም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን በዚያ ላይ ማሠልጠን፣ መልሱ «አይ» የሆነ ልጅ የሚላክበትን የፊዚዮቴራፒ ክፍል ነቀምት ላይ መወሰን፣ ለእናቲቱም የመሳፈሪያ መስጠት።